ልብስ ለውጦ ከሞት ለማምለጥ የሞከረው ንጉሥ አክዓብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው ሞትን ይፈራል። ባለጸጋ በገንዘቡ፣ ኃያል በጉልበቱ፣ ንጉሥም በሠራዊቱ ሊከላከለው ይሞክራል። ሞቱ አስቀድሞ በነቢይ አፍ የተነገረው ሰውማ ምን ያህል አይጨነቅ! ይህን ጭንቀት በሚገባ ከሚያሳዩን ሰዎች አንዱ የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ ነው። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ከምዕራፍ 16 እስከ 22 ተጽፎ ይገኛል።

አክዓብ የዘንበሪ ልጅ ነው። ዘንበሪ የሰማርያን ተራራ በሁለት መክሊት ብር ገዝቶ ከተማ የቆረቆረ ንጉሥ ነበር። አክዓብም ከአባቱ ቀጥሎ በሰማርያ ተቀምጦ 22 ዓመት ነገሠ። የታሪክ ሊቃውንት ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ874 እስከ 853 ገደማ ያደርጉታል። የሲዶናውያንን ንጉሥ የኤትበኣልን ልጅ ኤልዛቤልን አግብቶ በሰማርያ ለበኣል ቤትና መሠዊያ ሠራ። ኤልዛቤል የእግዚአብሔርን ነቢያት ስታስገድል፣ የንጉሡ ቤት አዛዥ አብድዩ መቶውን በዋሻ ሸሽጎ፣ ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ፣ እንጀራና ውኃ ይመግባቸው ነበር።

አክዓብ ግን ደካማ ንጉሥ አልነበረም። ከተሞችን ሠርቷል፤ በዝሆን ጥርስ ያጌጠ ቤትም ነበረው። በሰማርያ ፍርስራሽ በተደረገው ቁፋሮ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ብዙ ጌጦች ተገኝተዋል። የአሦር ንጉሥ ሣልሳዊ ስልምናሶር ያስቀረጸው፣ በ1861 እ.ኤ.አ. በአሁኑ ቱርክ አገር የተገኘውና ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘው የድንጋይ ሐውልትም የአክዓብን ስም ያነሣል። በ853 ዓመተ ዓለም በቀርቀር በተደረገው ጦርነት አክዓብ 2,000 ሠረገላና 10,000 እግረኛ ይዞ ከሶርያና ከሌሎች ነገሥታት ጋር እንደ ተሰለፈ ጠላቱ ራሱ ጽፎለታል። እንግዲህ የአክዓብ ትዕቢት ከባዶ የመጣ አልነበረም። የሚመካበት ነበረው።

በዚህ ንጉሥ ላይ የሞት ቃል የመጣው በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ የሶርያ ንጉሥ ወልደ አዴር 32 ነገሥታትን አስከትሎ በመጣበት ጊዜ እግዚአብሔር ለእስራኤል ሁለት ጊዜ ድል ሰጠ። አክዓብ ግን የተማረከውን ወልደ አዴርን ወንድሜ ብሎ በሠረገላው ላይ አወጣው፤ በደማስቆ ገበያ ሊያቆም ተዋውሎም ለቀቀው። ያን ጊዜ አንድ ነቢይ ዓይኑን ሸፍኖ፣ መልኩን ለውጦ በመንገድ ዳር ጠበቀው፤ መሸፈኛውንም ገልጦ በዚያ ሰው ነፍስ ፈንታ የእርሱ ነፍስ እንደምትጠየቅ ነገረው። ንጉሡም ተቈጥቶና አዝኖ ወደ ቤቱ ገባ።

ሁለተኛው ቃል የመጣው በናቡቴ ነገር ነው። በኢይዝራኤል በቤተ መንግሥቱ አጠገብ የናቡቴ የወይን ቦታ ነበረ። አክዓብ የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ፈለገ፤ ናቡቴ ግን የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለው። ያ ሁሉ ሠረገላ ያለው ንጉሥ እንደ ሕፃን አኩርፎ፣ ፊቱን አዙሮ ተኛ፤ እህልም አልቀምስ አለ። ኤልዛቤል በስሙ ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አተመች፤ ሁለት የሐሰት ምስክሮች ተነሡ፤ ናቡቴም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። አክዓብ ቦታውን ሊረከብ በወረደ ጊዜ ነቢዩ ኤልያስ በዚያው ተገናኘው። ውሾች የናቡቴን ደም እንደ ላሱ የእርሱንም ደም እንደሚልሱ፣ ቤቱም እንደሚጠፋ ነገረው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። አክዓብ ይህን በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ፤ ማቅ ለበሰ፤ ጾመ፤ አንገቱንም ደፍቶ ሄደ። እግዚአብሔርም ይህን ተመልክቶ በቤቱ ላይ የታዘዘው ጥፋት በእርሱ ዘመን ሳይሆን በልጁ ዘመን እንዲሆን ለኤልያስ ነገረው። ያን የመሰለ ክፉ ንጉሥ ጥቂት ቀን ማቅ ቢለብስ ይህን ያህል ምሕረት አገኘ። ስለዚህ አክዓብ ከቁጣ ማምለጫው መንገድ ወዴት እንደሆነ አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። አንድ ጊዜ ሄዶበት አይቶታል።

ከሦስት ዓመት ሰላም በኋላ አክዓብ ከዮርዳኖስ ማዶ ያለችውን ሬማት ዘገለዓድን ከሶርያ እጅ ለማስመለስ ተነሣ። የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ሊጠይቀው መጥቶ ነበርና አብሮት ሊዘምት እሺ አለ፤ ነገር ግን አስቀድሞ እግዚአብሔርን እንጠይቅ አለው። በሰማርያ በር ባለው አውድማ ሁለቱ ነገሥታት ልብሰ መንግሥታቸውን ለብሰው በዙፋን ተቀመጡ። አራት መቶ ነቢያት በአንድ አፍ ድል ተነበዩ። የክንዓና ልጅ ሴዴቅያስ እንዲያውም የብረት ቀንዶች ሠርቶ ሶርያን እንዲህ ትወጋለህ አለ። ኢዮሣፍጥ ግን ልቡ አልረካምና ሌላ ነቢይ እንደሌለ ጠየቀ። አክዓብም አንድ እንዳለ፣ መልካም ስለማይናገርለት ግን እንደሚጠላው መለሰ።

ይህ ሰው የይምላ ልጅ ሚክያስ ነው። ሊጠራው የሄደው መልእክተኛ እርሱም እንደ ሌሎቹ መልካም እንዲናገር መክሮት ነበር። ሚክያስ መጀመሪያ የነቢያቱን ቃል ደገመ፤ ንጉሡ እውነቱን እንዲናገር ባማለው ጊዜ ግን እስራኤል እረኛ እንደሌላቸው በጎች በተራራ ላይ ተበትነው እንዳየ ነገረው። የአራቱ መቶ ትንቢትም ንጉሡን የሚያስት የሐሰት መንፈስ መሆኑን ገለጠ። ሴዴቅያስ ጉንጩን በጥፊ መታው። ንጉሡም በደኅና እስክመለስ ድረስ በወኅኒ አስቀምጣችሁ እንጀራና ውኃ በጥቂቱ ስጡት ብሎ አዘዘ።

አክዓብ እንዲህ ብሎ ቢዘምትም ፍርሃቱ ግን አብሮት ዘመተ። ስለዚህ አንድ ዘዴ አሰበ። ኢዮሣፍጥ ልብሰ መንግሥቱን እንዲለብስ አደረገ፤ ራሱ ግን ልብሱን ለውጦ እንደ ተራ ሰው ሆኖ ወደ ሰልፉ ገባ። የሶርያም ንጉሥ 32ቱን የሠረገላ አለቆች ከእስራኤል ንጉሥ በቀር ከማንም ጋር እንዳይዋጉ አዝዞ ነበር። አለቆቹ ኢዮሣፍጥን ባዩ ጊዜ አክዓብ መስሏቸው ከበቡት፤ በጮኸ ጊዜ ግን አለመሆኑን አውቀው ተመለሱ።

እስከዚህ ድረስ ዘዴው ሠርቶ ነበር። የሚፈልጉት ሁሉ አላገኙትም። ነገር ግን ስሙ እንኳ ያልተጻፈ አንድ ወታደር፣ ማንን እንደሚመታ ሳያውቅ ቀስቱን ገትሮ ለቀቀ፤ ፍላጻውም በጥሩሩ መጋጠሚያ ገብቶ አክዓብን ወጋው። ንጉሡ ሠረገላ ነጂውን ከሰልፉ እንዲያወጣው ነገረው። ውጊያው ስለ በረታ ግን እስከ ማታ ድረስ በሶርያውያን ፊት በሠረገላው ላይ ደግፈው አቆሙት፤ ደሙም በሠረገላው ውስጥ ፈሰሰ፤ ሲመሽም ሞተ። ሠራዊቱ እረኛ እንደሌለው መንጋ ወደየአገሩ ተበተነ። ሬሳው በሰማርያ ተቀበረ፤ ሠረገላው በሰማርያ ኩሬ ሲታጠብም ውሾች ደሙን ላሱ።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አክዓብ ሚክያስን ካላመነው ልብሱን ስለ ምን ለወጠ? ካመነውስ ስለ ምን ዘመተ? ለመፍራት የሚበቃ እምነት ነበረው፤ ለመመለስ የሚበቃ ግን አልነበረውም። በኢይዝራኤል ማቅ የለበሰው ንጉሥ በሬማት የተራ ሰው ልብስ ለበሰ። በሁለቱም ጊዜ ልብሰ መንግሥቱን አውልቋል። ልዩነቱ የመጀመሪያውን ያወለቀው በእግዚአብሔር ፊት ለመዋረድ፣ ሁለተኛውን ግን ለመሸሸግ መሆኑ ነው። የፊተኛው ምሕረት አስገኘለት፤ የኋለኛው ግን ከአንድ ፍላጻ እንኳ አላስጣለውም።

የነነዌ ንጉሥም በዮናስ አፍ የጥፋት ቃል በሰማ ጊዜ መጎናጸፊያውን አውልቆ ማቅ ለብሶ በአመድ ላይ ተቀመጠ፤ ከተማውም ዳነ። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ የነነዌን ጾም ሦስት ቀን የምታስጾመን ይህን እንዳንረሳ ነው። የነቢይ ቃል የጠንቋይ ዕጣ አይደለም። ጠንቋይ ዕድልህ ይህ ነው ብሎ ሰውን ያስራል፤ ነቢይ ግን የሚናገረው እንድንመለስ ነው። ሚክያስ በአውድማው ላይ የቆመው አክዓብ እንዲቀር ነበር እንጂ እንዲሞት አልነበረም።

እኛ ወጣቶችም በየዕለቱ አራት መቶ የሚያህሉ ደስ የሚያሰኙ ድምፆችን እንሰማለን። ጓደኛ አይዞህ ይለናል፤ ምኞታችንም ገና ልጅ ነህ፣ ንስሐ ለሽምግልና ይቆይ ይለናል። እውነቱን የሚነግረን ምናልባት አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ እርሱም የንስሐ አባታችን፣ ወይም እናታችን፣ ወይም የሚወደን ወንድማችን ነው። ይህን ሰው መልካም አይናገርልኝም ብለን ከጠላነው፣ ከፊቱም ከሸሸን፣ ሚክያስን ወኅኒ አስገብተነዋል ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ነጠላ ለብሰን፣ ወጥተን ሌላ ሰው ብንሆን ከሰው ዓይን እንሰወር ይሆናል፤ የልብን የሚያየው አምላክ ግን ከጥሩሩ መጋጠሚያ በታች ያለውን ያያል።

ስለዚህ የሚነገረን ቃል ሲከብደን ልብስ ከመለወጥ ልብ እንለውጥ። አክዓብ የተወውን መንገድ እኛ እንያዘው። ለዚህም የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የነቢያት ጸሎት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።