የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር የሕይወት ታሪክ

በዓለም ላይ የመሬታቸው ስፋት አነስተኛ፥ ሀብታቸው ግን ከስፋታቸው እጅግ የበለጠ መንግሥታት አሉ። በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ዳር የምትገኘው ኩዌት ከነዚህ አንዷ ናት። ስፋቷ 18,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ይሁን እንጂ ከመሬቷ በሚወጣው ነዳጅ ዘይት ምክንያት ስሟን የማያውቅ የለም። በአገራችንም ባለፈው ዘመን እንዲህ ያለ ትንሽና ባለጸጋ መንግሥት ነበረ፤ እርሱም የጅማ መንግሥት ነው። የጅማ ሀብት ነዳጅ ዘይት ሳይሆን ቡናና ንግድ ነበር። ይህን መንግሥት ከሁሉ ይልቅ ያስጠሩት ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ናቸው። እኛም የምንኖረው በቡና አገር ስለ ሆነ የኒህን ሰው ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመን መስሎ ታይቶኛል።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። አየሩ ወይና ደጋ፥ ዝናሙ ብዙ፥ አፈሩ ቀይና ለም ነው። በስተ ደቡብ የጎጀብ ወንዝ ከከፋ ይለየው ነበር። በስተ ሰሜን ሊሙ፥ በስተ ምዕራብ ጌራና ጎማ ይጎራበቱት ነበር። ጅማ፥ ሊሙ፥ ጎማ፥ ጉማና ጌራ በአንድነት አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ይባላሉ። ሕዝቡ ኦሮሞ ሲሆን በጤፍ፥ በበቆሎ፥ በማሽላ፥ በእንሰትና በከብት ርባታ ይኖር ነበር። በጥንት ጊዜ የሚተዳደረው በገዳ ሥርዓት ነበር፤ እኛ ጌዴኦዎች የባሌ ሥርዓት እንዳለን ማለት ነው። ነገር ግን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጦር አለቆች እየበረቱ ሄደው ነገሥታት ሆኑ። በጅማ ይህን መንግሥት ያቆሙት እ.ኤ.አ. ከ1830 እስከ 1855 የገዙት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው። እስልምናም በቤተ መንግሥቱ የጸናው በእሳቸው ዘመን ነው።

ዳግማዊ አባ ጅፋር የንጉሡ የአባ ጎሞልና የንግሥት ጉሚቲ ልጅ ናቸው። የልጅነት ስማቸው ቱሉ ይባላል። አባ ጅፋር የሚለው ስም እንደ ኦሮሞ ጀግኖች ልማድ ከፈረስ ስም የመጣ ነው። አባታቸው ሲሞቱ፥ ማለት እ.ኤ.አ. በ1878፥ ዙፋኑን ወረሱ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከምንገኘው ከእኛ ዕድሜ ብዙ የራቀ አልነበረም። ቁመታቸው እጅግ ረጅም ስለ ነበረ ያዩአቸው የውጭ አገር መንገደኞች ሁሉ በዚህ ይደነቁ ነበር።

ወጣቱ ንጉሥ በነገሡ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከባድ ፈተና ደረሰባቸው። በዚያ ወራት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሁለቱም የጊቤን አገር ይፈልጉ ነበር። ምክንያቱም ቡናው፥ ዝባዱ፥ የዝሆን ጥርሱና ወርቁ የሚመጣው በዚያ በኩል ስለ ነበረ ነው። ሁለቱ ነገሥታት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉና ምኒልክ ድል አደረጉ። እንግዲህ በአባ ጅፋር ፊት ሁለት መንገድ ቀረበ፤ አንዱ መዋጋት፥ ሁለተኛው ገብሮ መኖር። የእናታቸው የንግሥት ጉሚቲ ምክር ትልቅ ቦታ እንደ ነበረው ይነገራል። አባ ጅፋርም የሸዋን ጦር ኀይል መዝነው በ1870ዎቹ አጋማሽ ለምኒልክ ለመገበር ተስማሙ። በየዓመቱም ብዙ ግብር ይልኩ ጀመር። ምኒልክም በፈንታው ጅማን በንጉሥዋ እጅ ተዉላቸው፤ ሌላ ገዢም አልሾሙባትም።

ይህ ውሳኔ ምን እንዳዳነ ለመረዳት የጎረቤቶቹን ዕጣ መመልከት ይበቃል። የወላይታው ንጉሥ ጦና አልገብርም ብለው ተዋግተው በ1887 ዓ.ም. ተማረኩ፤ ከሕዝባቸውም እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም በ1889 ዓ.ም. በተከፈተባቸው ዘመቻ አገራቸው ተደመሰሰ፤ እሳቸውም ተይዘው በግዞት ሞቱ። ጅማ ግን ቤቷ ሳይቃጠል፥ ገበያዋ ሳይፈርስ ቆየች። ይሁን እንጂ እውነቱን ሳንደብቅ መናገር አለብን። የጅማ ሰላም ለጎረቤቶቿ ሰላም አልሆነም። አባ ጅፋር ለምኒልክ በገቡት ቃል መሠረት በኩሎ፥ በወላይታና በከፋ ላይ በተደረጉት ዘመቻዎች ጦራቸውን አሰልፈዋል።

ከዚህ ቀጥሎ አስተዳደራቸውን እንይ። የንጉሡ መቀመጫ ጅሬን በተባለው ኮረብታ ላይ ነበር። በዚያ ላይ በእንጨት ያሠሩት ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል፤ የጅማ አናጢዎች የእጅ ሥራ ምን ያህል የረቀቀ እንደ ነበር ይመሰክራል። አገሩ በ60 ያህል ቆሮዎች የተከፈለ ሲሆን በእያንዳንዱ ላይ አባ ቆሮ የሚባል ሹም ነበረ። ከአባ ቆሮ በታች አባ ገንዳ ነበረ። የንጉሡን ግምጃ ቤት የሚጠብቀው አባ ሚዛን ይባል ነበር። ሹመት በዘር ብቻ የሚወረስ አልነበረም፤ ንጉሡ የወደደውን ይሾማል፥ ያጠፋውንም ይሽራል። ነጋዴም ሆነ ከሌላ አገር የመጣ ሰው፥ ባሪያ እንኳ ሳይቀር፥ ታማኝ ሆኖ ከተገኘ ለሹመት ይበቃ ነበር። በጠረፍ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ፥ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ተትቶ፥ መግቢያው ኬላ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ኬላውን የሚጠብቀው ሹም ወጪና ገቢውን እየተመለከተ ከነጋዴው ቀረጥ ይቀበል ነበር።

የጅማ ብልጽግና ምሥጢሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቡና በከፋም በሊሙም ይበቅላል፤ ማርና ዝባድም በሌሎቹ አገሮች ይገኛል። ጅማን ከሌሎቹ የለያት መንገዱ ሰላም መሆኑና ገበያው የተጠበቀ መሆኑ ነው። ነጋዴው ኬላ ላይ ቀረጡን ከከፈለ በኋላ ዕቃውን የሚቀማው ሽፍታ አይፈራም ነበር። ስለዚህ ከከፋና ከሌላውም የደቡብ አገር የመጣው ዕቃ ወደ ሂርማታ ገበያ ይጎርፍ ነበር። ከሰሜን ነጋዴዎች አሞሌ ጨውና ጨርቅ፥ ማርያ ትሬዛ ብርም ይዘው ይመጡ ነበር። ዛሬ የጅማ ከተማ የተቆረቆረችው በዚሁ በሂርማታ ገበያ ቦታ ላይ ነው። በዚህም ዘመን የቡና ተክል እየተስፋፋ ሄደ፤ ከቡናውም የሚገኘው ገንዘብ የንጉሡንም የባላገሩንም ቤት ሞላ። አባ ጅፋር ከሀብታቸው በመካ ለሐጃጆች ማረፊያ ቤት እንዳዘጋጁ ይታወቃል። ለእስልምና ሊቃውንትም መጠጊያ ስለ ሆኑ ጅማ የትምህርት አገር ተብላ በሩቅ ታወቀች።

ነገር ግን የዚህ ሀብት አንዱ ክፍል ከባሪያ ንግድ የተገኘ ነው። በጅማ ገበያ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ከሻጮቹና ከገዦቹ መካከል ታላላቅ ሰዎች ነበሩበት፤ ቤተ መንግሥቱም ከዚህ ንግድ የራቀ አልነበረም። ከደቡብ አገሮች በጦርነት የተማረኩ ወንዶች፥ ሴቶችና ሕፃናት በዚያ መንገድ ተነድተው አልፈዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1916 ዓ.ም. ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ፈጽሞ አስቀረው። አባ ጅፋርን ስናመሰግን ይህን ብንዘነጋ ታሪክን አላወቅንም፤ ይህን ብቻ አንሥተን ሌላውን ብንተውም እንዲሁ ነው።

የአባ ጅፋርን ብልኀት ከባሕር ማዶ ከአንድ ሰው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በዚያው ዘመን ኩዌትን የሚገዙት ሼኽ ሙባረክ ነበሩ። አገራቸው ትንሽ፥ ጎረቤታቸው የቱርክ መንግሥት ግን ትልቅ ነበረ። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1899 ከእንግሊዝ ጋር ውል አድርገው የውጭውን ጉዳይ ለእንግሊዝ ሰጡ፥ የውስጡን ግን ለራሳቸው ያዙ። ያን ጊዜ የኩዌት ሕዝብ ኑሮ ከባሕር ዕንቍ በማውጣትና በመርከብ በመነገድ ነበር፤ ነዳጅ ዘይት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ሁለቱም ገዦች ጥቂቱን ሰጥተው ብዙውን ለማዳን የመረጡ ናቸው። ፍጻሜያቸው ግን ተለያየ። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ1961 ነፃ መንግሥት ሆነች። ጅማ ግን የኢትዮጵያ ክፍል ሆና ቀረች።

አባ ጅፋር 54 ዓመት ያህል ገዝተው እ.ኤ.አ. በ1932 አረፉ። በእርጅናቸው ጊዜ አቅማቸው ስለ ደከመ ሥልጣኑ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ አባ ጆቢር ተላለፈ። በዚያው ዘመን ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አገሩን በቀጥታ ማስተዳደር ስለ ጀመረ የጅማ መንግሥት ፍጻሜ ሆነ። ቃሉ የተሰጠው ለአንድ ንጉሥ እንጂ ለዘለዓለም አልነበረምና ያ ንጉሥ ሲያልፍ ቃሉም አብሮ አለፈ። ቡናው ግን አላለፈም፤ ዛሬም የጅማ ገበሬ ዋና ገቢ ነው። በጅማ ሙዚየም ያሉት የንጉሡ ዕቃዎችም ለጎብኚዎች ይታያሉ።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለጌዴኦ ልጆች የሚሆን ትምህርት አለ። ቡሌ ደጋ ናት፤ እንሰትና ገብስ ይበዛባታል። ከበታቿ ያሉት ዲላ ዙሪያ፥ ወናጎ፥ ይርጋ ጨፌና ኮቸሬ ግን በቡናቸው በዓለም የታወቁ ናቸው። አባቶቻችን ቡናውን ከእንሰትና ከትላልቅ ዛፎች ጋር አስማምተው የተከሉበት መሬት በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም ሀብት መሬት ስላበቀለችው ብቻ አይጸናም። አባ ጅፋር የመንገድ ሰላምና የታመነ ገበያ ከቡናው ዛፍ እኩል እንደሚያስፈልግ ዐውቀው ነበር። የባሪያው ንግድ ደግሞ በሰው መከራ የተገኘ ሀብት ከባለቤቱ ስም ጋር ነቀፌታ ሆኖ እንደሚኖር ያስተምረናል። እኛ ነገ ገበሬዎች፥ ነጋዴዎች፥ መምህራንና ሹማምንት የምንሆን ነን። ቡናችን በትክክል እንዲመዘንና ዋጋው ለደከመበት ገበሬ እንዲደርስ ብናደርግ፥ ከአባ ጅፋር የሚያስመሰግናቸውን ወርሰን የሚያስነቅፋቸውን ትተናል ማለት ነው።