ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የሐኪም ፍለጋ ዘመን
ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ አንጎለላ ተወለዱ፤ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው አንኮበርን በመያዝ በሸዋ ነገሡ። የከብት ዕልቂት ያስከተለው ክፉ ቀን ሕዝቡን ሲፈጅ፣ ረሃብ እንጂ የቪታሚን እጥረት ገና ስም አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ ከውጭ ሐኪሞች አስመጡ፤ በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታልም አቋቋሙ። በ1902 ዓ.ም. ጽኑ የአንጎል ምት አካላቸውን ሲያሽመደምድ ግን ሐኪሞቹ ሊፈውሷቸው አልቻሉም፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

ነርቭንና ልብን የሚጎዳው እጥረት መድኃኒቱ ታያሚን ከሩዝ ገለፈት ተለይቶ የወጣው ከዚያ 13 ዓመታት በኋላ ነው። የምኒልክን ሕመም በዚህ እጥረት ማሳበብ ማስረጃ የለውም፤ ታሪካቸው የሚያሳየው ሐኪም ማግኘት ብቻውን እንደማይበቃ፣ በሽታውን የሚለይ ዕውቀትም አብሮ መድረስ እንዳለበት ነው።