ቻርልስ ዊልሰን፤ ደመናን በመስተዋት ዕቃ ውስጥ የፈጠረው ሊቅ

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ በተባለው ክፍለ ሀገር ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 የደረሰው የደን ቃጠሎ የ173 ሰዎችን ሕይወት ያጠፋ ታላቅ መቅሠፍት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዕለት በእሳቱ ግለት እየተገፋ ወደ ሰማይ የወጣው ጢስ ነጎድጓዳማ ደመና ሆነ። ደመናውም የራሱን መብረቅ አወረደ፤ ከመብረቁም አንዳንዱ ከእሳቱ ግንባር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ ቃጠሎ አስነሣ። እሳት ደመናን፣ ደመና መብረቅን፣ መብረቅ መልሶ እሳትን ወለደ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መብረቅ በኮምፒዩተር ሞዴል አስቀድመው ለማወቅ የሚጥሩ ባለሙያዎች ስለ እሳቱ፣ ስለ ነፋሱና ስለ እርጥበቱ ብዙ ካሰሉ በኋላ ከአንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳሉ። በደመና ውስጥ ያለች አንዲት ቅንጣት የኤሌክትሪክ ሙሏን ከየት ታገኛለች? ይህን ጥያቄ ከወጣትነቱ እስከ ሽምግልናው ሲከታተል የኖረው ሰው ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ቶምሰን ሪስ ዊልሰን ነው።

ብዙዎቻችን የዊልሰንን ስም የምናውቀው ስለ አቶም በተጻፈ ምዕራፍ ውስጥ ነው። እኔም በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የደመና ሣጥን የተባለው መሣሪያ የረቂቅ ቅንጣቶችን መንገድ እንደሚያሳይ ተማርኩ እንጂ፣ መጀመሪያ የተሠራው ለደመና ጥናት መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ነገሩን የተረዳሁት ከተመረቅሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ መብረቅ መከላከያ ሳነብ ነው።

ዊልሰን በኤዲንብራ አጠገብ በግሌንኮርስ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1869 ተወለደ። በግ አርቢ የነበረው አባቱ ልጁ 4 ዓመት ሲሆነው ስለ ሞተ፣ እናቱ ቤተሰቡን ይዛ ወደ ማንችስተር ሄደች። በዚያ ከተማ ሐኪም ለመሆን አስቦ ሥነ ሕይወት ተማረ። በ1888 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ካምብሪጅ ከገባ በኋላ ግን ልቡ ወደ ፊዚክስ አዘነበለ። በ1892 ተመርቆ ጥቂት ጊዜ ትምህርት ቤት ካስተማረ በኋላ ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ግን ትምህርት ቤት ሳይሆን ተራራ ነው። በሴፕቴምበር 1894 በቤን ኔቪስ ተራራ አናት ላይ በነበረው የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ለሁለት ሳምንት በተተኪነት ሠራ። ፀሐይ ከበታቹ በተነጠፈው ደመና ላይ ስትወድቅ የሚታዩትን ባለ ቀለም ክበቦች አይቶ ተደነቀ፤ ያንኑ በቤተ ሙከራ ደግሞ ሊፈጥረው ተመኘ። በሚቀጥለው ዓመት በጁን ወር ደግሞ በዚያው አካባቢ ባለ ተራራ ላይ ሳለ የራስ ጠጉሩ በድንገት ቆመ። የኤሌክትሪክ መስኩ መበርታቱን ተረድቶ ቁልቁል ሮጠ፤ መብረቁም ወዲያው ተከተለ። ደመናና መብረቅ ከዚያ በኋላ ከአሳቡ አልተለዩም።

የመሣሪያው አሠራር ለመግለጽ ቀላል ነው። እርጥበት የጠገበ አየር በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ይታሸግና መጠኑ በድንገት እንዲሰፋ ይደረጋል፤ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው ተንም አየሩ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ይሆናል። አየሩ አቧራ ካለበት ጥቂት መስፋት ይበቃዋል፤ ተኑ በብናኙ ላይ ይጠጋና ጉም ይሆናል። ይህን ሌላው ስኮትላንዳዊ ጆን ኤትከን ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር። ዊልሰን ግን ብናኙን ፈጽሞ ካጸዳ በኋላም፣ የአየሩ መጠን 1.25 እጥፍ ሲሰፋ ጥቂት ጠብታዎች እንደሚወርዱ አየ። በዚያን ጊዜ የተኑ ብዛት ከልኩ 4 እጥፍ ያህል ነው። በ1896 አዲስ የተገኘውን የኤክስ ጨረር በሣጥኑ ውስጥ ሲያሳልፍ ጠብታዎቹ እጅግ በዙ። ስለዚህ ብናኝ በሌለበት የብናኝን ሥራ የሚሠራው አዮን መሆኑ ታወቀ። ኔጋቲቭ አዮን 4 እጥፍ ሲበቃው ፖዘቲቩ ግን 6 እጥፍ ያህል ይፈልጋል። ይህ ልዩነት የነጎድጓድ ኤሌክትሪክ ምንጭ ይሆናል የሚል ተስፋ አሳድሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ ብናኝ በሞላበት ክፍት አየር ውስጥ ተን ያን ያህል ስለማይከማች ተስፋው አልሠመረም።

መስተዋቱን እየነፋ የሚሠራው ራሱ ነበር። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ንግግሩ የሚያመነታ፣ ትዕግሥቱ ግን ወሰን የሌለው ሰው እንደ ነበር ያወቁት ይመሰክራሉ። በ1911 የረቂቅ ቅንጣቶች መንገድ በጠብታ ተሥሎ በፎቶግራፍ ታየ፤ ለዚሁም በ1927 ከአሜሪካዊው አርተር ኮምፕተን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ሌሎች መሣሪያውን ይዘው ወደ አቶም ሲገሠግሡ፣ እርሱ ፊቱን ወደ ነጎድጓድ መለሰ።

ለኛ ሙያ ይበልጥ የሚቀርበውም ይኸው ሥራው ነው። በ1913 በካምብሪጅ የፀሐይ ፊዚክስ ምርምር ጣቢያ ከተሾመ በኋላ፣ መብረቅ በወረደ ቁጥር በመሬት ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ምን ያህል በድንገት እንደሚለወጥ መዘገበ። የመብረቁን ርቀት በብልጭታውና በድምፁ መካከል ካለው ጊዜ አገኘ። ከሩቅ ለሚገኝ መብረቅ የመስኩ ለውጥ በርቀቱ ኩብ መጠን ስለሚቀንስ፣ ከሁለቱ ልኬቶች ተነሥቶ መብረቁ ያጠፋውን ሙል ሊያሰላ ቻለ። በ1916ና በ1920 ባወጣቸው ጽሑፎች አንድ መብረቅ 20 ኩሎምብ ያህል ሙል እንደሚያወርድ አመለከተ። በአንድ ሜዳ ላይ በቆመ መሣሪያ የተገኘ ቁጥር መሆኑን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል። በ1920ም ነጎድጓዳማ ደመናዎች የምድርን ኔጋቲቭ ሙል ሳያቋርጡ የሚተኩ ጄኔሬተሮች መሆናቸውን አሳሰበ።

ልኬቱ ከጆርጅ ሲምፕሰን ጋር አከራከረው። ሲምፕሰን ከጠብታዎች መሰባበር ተነሥቶ የደመናው ታችኛ ክፍል ፖዘቲቭ ነው ሲል፣ ዊልሰን ፖዘቲቩ ከላይ ኔጋቲቩ ከታች ነው አለ። ክርክሩ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ ያበረደው ሲምፕሰን ራሱ ነው፤ በ1937 ከባልደረባው ከስክሬዝ ጋር በፊኛ በላከው መሣሪያ ዋናው አቀማመጥ ዊልሰን እንዳለው መሆኑን፣ ከሥሩ ግን አነስተኛ የፖዘቲቭ ክምችት እንዳለ አገኘ።

በ1925 ዊልሰን ሁለት ነገሮችን በስሌት ተነበየ። አንደኛው፣ ወደ ላይ በተወጣ መጠን አየሩ ከደመናው መስክ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚሳሳ፣ ከደመናው በላይ በከፍተኛ ቦታ ብልጭታ ሊነሣ እንደሚችል ነው። ይህ ብልጭታ በ1989 በአሜሪካ በአጋጣሚ ፎቶግራፍ ተነሣ። ሁለተኛው፣ በብርቱ መስክ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ያለ ገደብ ሊፈጥኑ መቻላቸው ነው። ከነጎድጓድ የሚወጣ የጋማ ጨረር መገኘቱ በ1994 በተገለጸ ጊዜ፣ ጨረሩን ያየችው ሳተላይት የሽልማት ተካፋዩን የኮምፕተንን ስም የተሸከመች ነበረች።

በ1934 ጡረታ ወጥቶ ወደ ስኮትላንድ ቢመለስም አላረፈም። በ86 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍሮ ደመናዎቹን ከአየር ላይ ተመለከተ። በ1956፣ በ87 ዓመቱ፣ ስለ ነጎድጓድ ኤሌክትሪክ የመጨረሻ ጽሑፉን በሮያል ሶሳይቲ መጽሔት አወጣ። ኖቬምበር 15 ቀን 1959 በካርሎፕስ መንደር ዐረፈ።

የዊልሰን አሳብ ይህ ነበር። በደመናው መስክ ውስጥ የምትወድቅ ቅንጣት ታችዋ ፖዘቲቭ ላይዋ ኔጋቲቭ ትሆናለች፤ ስትወርድም በታችዋ ኔጋቲቭ አዮኖችን እየለቀመች ትሞላለች፤ መስኩንም ታበረታለች። አሳቡ ያማረ ነው፤ ግን ደመናው በሚሞላበት ፍጥነት ልክ የሚበቃ አዮን አይገኝም። ከእርሱ በኋላ የተደረጉ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ዋናው ምንጭ የበረዶ ጠጠርና ቀላል የበረዶ ቅንጣት ከዜሮ ዲግሪ በታች ባልረጋ ውኃ መካከል መጋጨታቸው መሆኑን አሳዩ። ጠጠሩ የሚይዘው ሙል ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ የሚሆነው እንደ ሙቀቱና እንደ ውኃው መጠን ነው። የዛሬ ሞዴሎች በየግጭቱ የሚተላለፈውን ሙል ከእነዚህ ጥናቶች ወስደው ይደምራሉ፤ መስኩ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍም መብረቅ ወረደ ይላሉ።

የእሳት ደመና ይህን ስሌት ያናጋዋል። ኤትከንና ዊልሰን ያጠኑት ብናኝ በጢስ መልክ ከልክ በላይ ስለሚገባ፣ ውኃው ለእልፍ አእላፍ ቅንጣቶች ይከፋፈላል። ጠብታዎቹ ደቃቅ ሆነው ዝናብ ይዘገያል፤ ውኃው ወደ ቀዝቃዛው ከፍታ ይወጣል፤ የጠጠሩ መጠንም ይለወጣል። በ1998 የሜክሲኮ የቃጠሎ ጢስ በአሜሪካ መካከለኛ ሜዳዎች ላይ በተዘረጋ ጊዜ፣ ፖዘቲቭ ሙል ወደ መሬት የሚያወርደው መብረቅ ድርሻ ከወትሮው እጅግ ጨምሮ ተገኘ። ይህ ዓይነቱ መብረቅ ብዙ ጊዜ ረዘም ላለ ቅጽበት የሚፈስ ኮረንቲ ስላለው ደረቅ እንጨትን ለማቀጣጠል ይበልጥ አደገኛ ነው። ስለዚህ የሙሉን ዓይነት መሳሳት የሚቀጥለውን እሳት መሳሳት ነው። ሞዴሉ የተናገረው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥም ባለሙያዎች በመስክ ላይ አንቴናዎችን ተክለው፣ መብረቁ በወረደ ቅጽበት የኤሌክትሪክ መስኩ ወደ የትኛው ወገን እንደ ተለወጠ ይመዘግባሉ፤ ዊልሰን በካምብሪጅ ሜዳ ላይ ያደርገው እንደ ነበረው።