የጊታር ሊቁ ጃንጎ ራይንሃርት

አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን እየመታ፣ ከአድማጭ የተቀበለውን ግጥም ወዲያውኑ በዜማ ሲመልስ ሰምታችሁ ይሆናል። ያለ ዝግጅት የሚፈጥር ይመስላል፤ ነገር ግን ቅኝቱን ለብዙ ዓመታት ስለሠራበት ጣቶቹ መንገዱን ያውቁታል። በጊታርም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። ያልተጻፈ ዜማ በመድረክ ላይ በቅጽበት እየፈጠሩ መጫወት በጃዝ ሙዚቃ ከፍተኛ ቦታ የሚሰጠው ጥበብ ሲሆን፣ በዚህ ጥበብ ስማቸው ከገነነ ሰዎች አንዱ ጃንጎ ራይንሃርት ነው። የሕይወት ታሪኩን ስታነቡ፣ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ጃንጎ በ1910 በቤልጂየም አገር፣ ሊበርሺ በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ሮማ ተብለው ከሚጠሩትና ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ይኖሩ ከነበሩት ሕዝቦች ወገን ነበሩ። የልጅነት ዘመኑን ያሳለፈው በፓሪስ ከተማ ዳርቻ፣ ቤተሰቡ እንደ ቤት በሚኖርበት ሠረገላ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ በወጉ አልተማረም። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ግን ባንጆና ጊታርን አጣምሮ የያዘ መሣሪያ አገኘ፤ ታላላቆቹ ሲጫወቱ እጃቸውን እየተመለከተ ተማረ። ብዙም ሳይቆይ በፓሪስ የዳንስ አዳራሾች እየተጫወተ ራሱን መቻል ጀመረ።

በ1928 አንድ ሌሊት ይህ ሁሉ ተስፋ ሊጨልም ተቃረበ። ባለቤቱ ከሴሉሎይድ የምትሠራቸው ሰው ሠራሽ አበቦች በሠረገላው ውስጥ ነበሩ። ሴሉሎይድ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ስለ ሆነ፣ ሻማው በወደቀ ጊዜ ሠረገላው ወዲያውኑ በእሳት ተያያዘ። ባልና ሚስቱ ከሞት ቢተርፉም ጃንጎ ክፉኛ ተቃጠለ። ሐኪሞች ቀኝ እግሩ እንዲቆረጥ መከሩት፤ እሱ ግን እምቢ አለ፤ ከጊዜ በኋላም በምርኩዝ ለመራመድ በቃ። የግራ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ግን ተኮማትረው ቀሩ። ጊታር የሚመታ ሰው ክሮቹን እየተጫነ ዜማውን የሚያወጣው በዚህ እጅ በመሆኑ፣ የጃንጎ የሙዚቃ ሕይወት ያከተመ መሰለ።

ወንድሙ ጆሴፍ አዲስ ጊታር አመጣለት። ጃንጎም እያገገመ በነበረበት ረጅም ጊዜ፣ ቀድሞ የሚያውቀውን ትቶ እንደ ጀማሪ እንደገና መማር ነበረበት። አራት ጣቶቹ ጤነኛ የሆኑለት ሰው አንድን ቅኝት ሲጫወት፣ እጁን በአንድ ስፍራ አቆይቶ ጣቶቹን ከክር ወደ ክር ያሻግራል። ለጃንጎ ይህ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ በጠቋሚና በመሐል ጣቱ ብቻ እየተጫነ፣ እጁን በጊታሩ አንገት ርዝመት ወደ ላይና ወደ ታች ማመላለስን ተለማመደ። የተጎዱትን ጣቶች ደግሞ በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ኮርድ ለመያዝ ተጠቀመባቸው። ከችግር የተወለደው ይህ አጨዋወት፣ ከጊዜ በኋላ ጤነኛ ጣት ያላቸው ጊታር መቺዎች ሁሉ የሚያጠኑት ስልት ሆነ።

በ1931 ገደማ የሉዊ አርምስትሮንግን ሸክላ ሰማና በጃዝ ተማረከ። በ1934 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር በፓሪስ አምስት አባላት ያሉት ጓድ አቋቋመ። ጓዱ ከበሮም ሆነ ጥሩምባ አልነበረውም። ሁለት ጊታሮችና አንድ ባስ ምቱን ሳያዛንፉ ይይዛሉ፤ በዚያ ላይ ጃንጎና ግራፔሊ ተራ በተራ ዜማ ይፈጥራሉ። በ1939 ጦርነት ሲነሣ ግራፔሊ በለንደን ሲቀር፣ ጃንጎ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ናዚዎች የሮማን ሕዝብ እየለቀሙ በሚያጠፉበት ዘመን፣ እሱ በተያዘችው ከተማ መጫወቱን ቀጠለ። በ1946 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከዱክ ኤሊንግተን ጋር ለሕዝብ ተጫወተ። በ1953 ሳምዋ ሱር ሴን በምትባለው የፈረንሳይ መንደር እየኖረ ሳለ፣ በአርባ ሦስት ዓመቱ በድንገት ሞተ።

ጃንጎ ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር። እናንተ ግን ይህን ለስንፍና ማመካኛ አታድርጉት፤ ኖታ ማወቅ የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይደለምና። ከእርሱ የምትማሩት ሌላ ነገር ነው። ጊታር የምትማሩ ብትሆኑ፣ ዛሬ ምቱን የሚይዝላችሁ ጓድ ባይኖር እንኳ የተቀዳ አጃቢ ሙዚቃ አለ። አጃቢውን በዝግታ አስኪዱት፤ ከእርሱ ጋር የሚስማማ አንድ ቅኝት ምረጡ፤ በመጀመሪያ በሦስት ወይም በአራት ድምፆች ብቻ ዜማ ለመፍጠር ሞክሩ። በመካከሉ ዝም ብላችሁ አጃቢውን ማዳመጥንም አትዘንጉ። በጥቂት ድምፆች መወሰን መጀመሪያ እጅን የታሰረ ያህል ያስቸግራል። በዚያን ጊዜ፣ በሁለት ጣቶች ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው የተማረውን ያን የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት አስታውሱት።