ቻርልስ ቫለንታይን ራይሊ፤ ተባይን በጠላቱ የመግታት አባት

ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ መግታት ዛሬ ለሙያ ባልደረቦቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ይህን አሳብ ከምኞት ወደ ተግባር ካሻገሩት ሰዎች አንዱ ቻርልስ ቫለንታይን ራይሊ ነው።

ራይሊ በ1843 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በለንደን ተወለደ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኢሊኖይ የእርሻ ሥራ ያዘ። ነፍሳትን መመርመርና ሥዕላቸውን መንደፍ ይወድ ነበርና በ1868 የሚዙሪ ክፍለ ግዛት የመጀመሪያው የነፍሳት ባለሙያ ሆኖ ተሾመ።

በዚያን ዘመን ፊሎክሴራ የተባለው የሥር ተባይ የፈረንሳይን ወይን ይፈጅ ነበር። ራይሊ ይህን ተባይ የሚበላ፣ የሸረሪት ዘመድ የሆነ ማይት የሚባል ደቂቅ ፍጥረት በ1873 ወደ ፈረንሳይ ላከ። ማይቱ አገሩን ተላመደ፤ ተባዩን ግን አልገታም። ወይኑን ያተረፈው፣ ራይሊም የደከመበት ሌላው መንገድ፣ የአገሩን ወይን ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማጣበቅ ሆነ።

ራይሊ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት የነፍሳት ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ ከአውስትራሊያ የገባ ጥጥ መሰል ተባይ የካሊፎርኒያን ብርቱካን ያደርቅ ጀመር። ለክፍሉ ሠራተኞች የውጭ ጉዞ ገንዘብ ማውጣት በሕግ ተከልክሎ ስለነበረ፣ ባልደረባው አልበርት ኮበሌ በ1888 በሜልቦርን ኤግዚቢሽን ልዑክ በጀት ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ራይሊ ይበልጥ ተስፋ የጣለው በአንዲት ዝንብ ላይ ነበር፤ ድሉ ግን ቬዳሊያ የተባለችው ጥንዚዛ ሆነ። እስከ ጃንዋሪ 1889 የደረሱት 129 ብቻ ነበሩ። በሎስ አንጀለስ አንድ በተባይ የተወረረ የብርቱካን ዛፍ በድንኳን ተሸፍኖ እዚያ ውስጥ ተባዙ። እስከ ጁን 12 ቀን ድረስ 10,555 ጥንዚዛዎች ለ208 አትክልተኞች ታደሉ፤ የብርቱካኑም እርሻ ዳነ።

ምስጋናው ለማን ይገባል የሚለው ክርክር ራይሊን ከካሊፎርኒያ ሰዎች ጋር አቃቃረው። በ1894 ሥራውን ለቀቀ፤ በሴፕቴምበር 1895 በዋሽንግተን ከብስክሌት ወድቆ በ51 ዓመቱ ሞተ።

የማይቱና የጥንዚዛዋ ታሪክ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ የተፈጥሮ ጠላት በሕይወት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ተስማሚው ተመርጦ፣ በብዛት ተራብቶ በጊዜው መታደል አለበት። ዛሬ አዳኝ ማይቶች ሆነ ተብሎ ተባይ በሰፈረበት የፎሶሊያ ተክል ላይ ተራብተው ለአትክልተኞች ሲከፋፈሉ፣ የሚከናወነው ያው የድንኳኑ ሥራ ነው።