የተቆለፈው በር፦ የወይዘሮ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ሕይወት

በዚህ እትም ስለ አንዲት ሴት ሕይወት የመጻፍ ተራው የደረሰው ለእኛ ለስፌት ክፍል አባላት ነው። የመረጥናቸው ሴት አሜሪካዊት ናቸው፤ ካረፉም ከ60 ዓመት ያላነሰ ጊዜ አልፏል። ከአገራችን ስንት ጀግና ሴት እያለ ለምን እሳቸው የምትሉ ትኖራላችሁ። መልሱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ፍራንሲስ ፐርኪንስ በ1880 በቦስተን ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው አልተቸገረም፤ አባታቸው የጽሕፈት ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። ኮሌጅ ሳሉ አንዲት መምህርታቸው ተማሪዎቹን ወደ ፋብሪካ እየላከች ሠራተኞች እንዴት እንደሚውሉ እንዲያዩ ታደርግ ነበር። ድህነት የስንፍና ውጤት ነው የሚለውን የዘመኑን ወሬ ወይዘሮ ፍራንሲስ መጠራጠር የጀመሩት ያኔ ነው። በ1902 ተመረቁ፤ ጥቂት ጊዜ አስተማሩ። ከዚያም ፊላደልፊያ ሄደው፣ ሥራ ፍለጋ ከተማ የሚገቡ ድሃ ልጃገረዶችን አታልለው ለመጥፎ ሕይወት የሚዳርጉ ደላሎችን ሲከታተሉና ሲያጋልጡ ቆዩ። ይህን ስናነብ እርስ በርስ ተያየን። የደላላ ነገር ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

በ1910 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ጨርሰው ለሠራተኞች መብት በሚሟገት ማኅበር ውስጥ ሥራ ያዙ። በዓመቱ፣ ማርች 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዋሽንግተን አደባባይ አጠገብ ከሚገኝ የወዳጃቸው ቤት ሻይ ሊጠጡ ተቀምጠው ሳለ የእሳት አደጋ መኪና ጩኸት ተሰማ። ሮጠው ወጡ። እየነደደ ያለው ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ ነበር። በላይኞቹ ሦስት ፎቆች ትራያንግል የተባለ የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ወይዘሮ ፍራንሲስ ሲደርሱ ልጃገረዶቹ ከመስኮት እየዘለሉ ነበር።

እሳቱ ከስምንተኛው ፎቅ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ተነሣ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ ወደ አንደኛው ደረጃ በር ሮጡ፤ በሩ ተቆልፎ ነበር። የተቆለፈውም ሠራተኞቹ ጨርቅና ክር ሰርቀው እንዳይወጡ፣ ሲወጡም በአንድ በር አልፈው ቦርሳቸው እንዲፈተሽ ተብሎ ነው። በውጭ በኩል ያለው የብረት መሰላል ሰው ሲበዛበት ተቀንጥሶ ወደቀ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መሰላል የሚደርሰው እስከ ስድስተኛው ፎቅ ብቻ ነበር። በግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 146 ሰው አለቀ። 123ቱ ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከጣሊያንና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ የ14 ዓመት ልጆችም ነበሩባቸው።

የሚያንገበግበው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ከእሳቱ በፊት፣ ከ1909 መጨረሻ ጀምሮ፣ የኒውዮርክ ልብስ ሰፊ ሴቶች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው የሥራ ማቆም አድማ መትተው ነበር። የትራያንግል ሠራተኞችም በአድማው ውስጥ ነበሩ። ብዙ ፋብሪካዎች ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ሲስማሙ የትራያንግል ባለቤቶች ማኅበሩን አንቀበልም ብለው ጸኑ።

ቤተሰቦች ፍትሕ ጠየቁ። ሁለቱ ባለቤቶች በነፍስ ማጥፋት ተከሰው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ፍርድ ቤት ቀረቡ። ከሳሹ በሩ ተቆልፎ እንደነበር ማሳየቱ አልበቃም፤ ባለቤቶቹ በዚያች ሰዓት መቆለፉን ያውቁ እንደነበር ማረጋገጥ ነበረበት። ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላቸው ነጻ ብለው አሰናበቷቸው። በ1913 ከባለቤቶቹ አንዱ በሌላ ፋብሪካ ውስጥ እንደገና በር ቆልፎ ተገኘ፤ የተቀጣው 20 ዶላር ነው። በ1914 የሟች ቤተሰቦች ያቀረቡት የካሳ ክስ በስምምነት ሲያልቅ ለአንድ ሟች የደረሰው 75 ዶላር ሆነ። ባለቤቶቹ ግን ከኢንሹራንስ የተቀበሉት ገንዘብ ከጠፋባቸው ንብረት ይበልጥ ነበር።

ይህን ክፍል ስናነብ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን፣ ፍርድ ቤቱ ካልፈረደ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ ለሞቱት ባይደርስም ላሉት መድረስ አለበት አልን። የወይዘሮ ፍራንሲስ ሕይወት በሁለቱ ሐሳቦች መካከል ያለፈ ሕይወት ነው። ያንን ቀን ከዓይናቸው ማጥፋት አልቻሉም፤ አንድን ባለ ፋብሪካ ማሰር ካልተቻለ ባለ ፋብሪካዎችን ሁሉ የሚያስገድድ ሕግ ማውጣት ይቻላል ብለው ተነሡ።

ከእሳቱ በኋላ የከተማው ሰዎች የደኅንነት ኮሚቴ ሲያቋቁሙ ወይዘሮ ፍራንሲስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤትም የፋብሪካ መርማሪ ኮሚሽን አቆመ። ወይዘሮ ፍራንሲስ ኮሚሽነሮቹ ቢሮ ተቀምጠው ወረቀት እንዲያነቡ አልተዉአቸውም፤ ይዘዋቸው ወጡ። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ አድረው ንጋት ላይ የሚወጡ ሴቶችን አሳዩአቸው። በማለዳ አትክልት የሚልጡ ሕፃናትን አሳዩአቸው። የእሳት ማምለጫ ተብሎ በተሠራ ጠባብ ቀዳዳ አንዱን የምክር ቤት አባል በሆዱ እንዲሳብ አደረጉት፤ ከቀዳዳው ማዶ የጠበቀው በረዶ የለበሰ መሰላል ነበር። በዚህ መንገድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 በላይ ሕጎች ወጡ። በሥራ ሰዓት በር መቆለፍ ተከለከለ፤ የእሳት ልምምድ ግዴታ ሆነ፤ ተቆጣጣሪዎችም በዙ።

የግል ሕይወታቸው ቀላል አልነበረም። በ1913 አገቡ፤ በዚያ ዘመን ባልተለመደ ሁኔታ በአባታቸው ስም ጸኑ። ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ግን በአእምሮ ሕመም ብዙ ዓመት ሲታመሙ ኖሩ፤ ቤቱን ያስተዳደሩት ወይዘሮ ፍራንሲስ ናቸው። ችግራቸውን ለሰው አያወሩም ነበር። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ይህን ሸክም እናውቀዋለን!

በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሠራተኛ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው፤ በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሆኑ። ሹመቱን ከመቀበላቸው በፊት ሊሠሩ የሚፈልጉትን ዘርዝረው ነገሯቸው፦ የሥራ ሰዓት ገደብ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የሥራ አጥ ድጎማ፣ የጡረታ አበል፣ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ክልከላ። በ12 ዓመት የሚኒስትርነት ዘመናቸው አብዛኛው ተፈጸመ። የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በ1935፣ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ በ1938 ጸደቁ። በ1934 አሜሪካ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል እንድትሆን ጥረዋል፤ ኢትዮጵያ አስቀድማ በ1923 አባል ሆና ነበር።

ጉድለቱንም መናገር አለብን። እነዚያ ሕጎች ሲወጡ የቤት ሠራተኞችንና የእርሻ ሠራተኞችን ውጭ ትተዋቸው ነበር፤ ከነሱም ውስጥ ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ማኅበራችን ውስጥ በሰው ቤት የሠራች ሁሉ ከሕግ ውጭ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

በ1961 እሳቱ 50 ዓመት ሲሞላው ወይዘሮ ፍራንሲስ በ80 ዓመታቸው እዚያው ሕንፃ አጠገብ ቆመው ከተረፉት ሴቶች ጋር ሟቾቹን አሰቡ። በ1965 በ85 ዓመታቸው አረፉ። ከሞቱት 146 ሰዎች ስድስቱ ያለ ስም ተቀብረው ነበር፤ ስማቸው የታወቀው መቶኛው ዓመት ሲደርስ ነው።

አሁን ለምን እሳቸውን እንደመረጥን እንንገራችሁ። ይህን ታሪክ ያነበብነው ስፌት ክፍላችን ውስጥ፣ ቡና እየጠጣን ነው። አንብበን ስንጨርስ ከመካከላችን አንዷ ቀና ብላ የጓሮውን በር አየች። በሩ በሰንሰለት ታስሮ ነበር። ያሰርነው ራሳችን ነን፤ ጨርቅ ስለጠፋብን። ቁልፉ ያለው በአንዲት እህታችን ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ እሷም ያን ቀን ለቅሶ ሄዳ ነበር።

ለደቂቃ ማንም አልተናገረም። በበሩ ሥር ጥጥና ቁርጥራጭ ጨርቅ በጆንያ ተቆልሎ ነበር። ስለ አሠሪዎች ስንፈርድ ቆይተን ለካ እኛም በር ቆላፊዎች ነን። በማግሥቱ ሰንሰለቱን አነሣን፤ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ አስገጠምን፤ ጆንያዎቹን ወደ ውጭ አወጣን። ስለ ጠፋው ጨርቅ በስብሰባ ተነጋግረን መዝገብ ጀመርን።

እህቶቻችን፣ የምትሠሩበትን ቤት በሮች ሁሉ ዛሬውኑ እዩ። የተቆለፈ ካገኛችሁ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ፤ ብቻችሁን መጠየቅ ከፈራችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጠይቁ። ደጋፊዎቻችንም ልትጎበኙን ስትመጡ፣ የሰፋነውን ልብስ ከማየታችሁ በፊት የጓሮውን በር ገፋ አድርጋችሁ እዩልን።