አስቴር ጋኖ
አስቴር ጋኖ (1872 ገደማ – 1964 እ.ኤ.አ.) መምህርት፣ ተርጓሚና የኦሮሞ ሥነ ቃል ሰብሳቢ ነበሩ።

ነጻ ሆነው ቢወለዱም የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋቸው። ሊሙ አሁን በጅማ ዞን የሚገኝ በቡናው የታወቀ አገር ነው። ኋላም ተሸጠው በቀይ ባሕር ወደ ዓረብ አገር ሲወሰዱ፣ በ1886 እ.ኤ.አ. የጣልያን መርከቦች ጀልባዋን ይዘው ነጻ አወጧቸው። ከዚያ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

ከቤተሰብና ከአገር ቢለዩም የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን አልረሱም። ኦነሲሞስ ነሲብ ይህን አይተው የአፋን ኦሮሞ ቃላት እንዲሰበስቡ አደረጓቸው። አስቴር ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ጻፉ፤ ብዙዎቹ በ1894 እ.ኤ.አ. ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ወጥተዋል። በ1899 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ሥራቸው ከፍተኛ ነው፤ ይሁንና ትርጉሙ በአብዛኛው የሚጠራው በኦነሲሞስ ስም ብቻ ነው።

በ1904 እ.ኤ.አ. ከኦነሲሞስና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምት አስተማሩ።